ይግባኝ በምድር ስበት ላይ

ፊዚክስን ወዶ የሚማር ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው ያየሁት፤ እሳቸውም ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ሌሎቻችን ተመድበን ነው። እኔ ቃለሕይወት፣ የምርጫ ቅጽ የተሰጠኝ ጊዜ ሕክምና ብዬ ጀምሬ፣ ምሕንድስና፣ ፋርማሲ፣ ሕግ እያልኩ ወርጄ፣ ዘጠነኛዋ መስመር ባዶዋን ከምትቀር ብዬ ፊዚክስ ብዬ ሞላኋት። የመደበኝ ሰውዬ ከዘጠኙ እሷን ብቻ አነበበ። አራት ዓመት ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆምኩ። በመጨረሻ ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ ራሱ አዘነልኝና ልደታ ባለው የቅዳሜና እሁድ ቅርንጫፉ የላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ በኮንትራት ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ቅርንጫፍ ስል አጥርና ዛፍ ያለው ግቢ እንዳይመስላችሁ። ከልደታ ፍርድ ቤት ወደ ሰንጋ ተራ ሲኬድ መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ነው፤ ምድሩ ላይ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፣ ሁለተኛው ላይ ጥርስ ይነቀላል፣ አራተኛው ላይ እኛ ፊዚክስ እናስተምራለን። ዋናው ግቢ ያረጀበትን ዕቃ ሁሉ ወደኛ ይልካል። እኔም የተላክሁት በዚያው መንገድ ይመስለኛል።

የቅዳሜ ተማሪዎቻችን አምስት ነበሩ። አራቱ በየትምህርት ቤቱ ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ዲፕሎማችሁን ወደ ዲግሪ አሳድጉ ተብለው የታዘዙ መምህራን ናቸው። አምስተኛው ጋሽ ዓባይነህ ነበሩ።

ጋሽ ዓባይነህ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ የነበረው ሰው ያውቃቸዋል፤ ከአጥሩ ማዶ በትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ሰው የተካደውን፣ የተፈናቀለውን፣ የተፈታውን እያለቀሰና እየተሳደበ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ለቅሶውንም ስድቡንም ቀንሰው፣ አንዱን አመልካች ሌላውን ተጠሪ አድርገው፣ ዳኛ ፊት ሊቀርብ የሚችል ወረቀት ያደርጉታል። ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራቸው ይህ ነበር።

ሊመዘገቡ የመጡ ቀን እዚያው ነበርኩ። የሬጅስትራሯ ሶፊያ ቅጻቸውን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችና ድምጿን ቀነስ አደረገች።

"አባባ፣ የተሳሳቱ መሰለኝ። አንደኛ ምርጫ ላይ ፊዚክስ ብለዋል።"

"አልተሳሳትኩም።"

"ማኔጅመንት ለማለት ነው?"

"ፊዚክስ።"

"የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አስገድዶዎት ከሆነ ሌላም ማስሞላት ይቻላል እኮ።"

"ማንም አላስገደደኝም፣ ልጄ። በሙሉ ፈቃዴ ነው" አሉና ይህንኑ የሚገልጽ፣ ፊርማና ቀን ያለበት ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ከቅጹ ጋር አያያዙላት። ሶፊያ ወረቀቱን የት ፋይል ማድረግ እንዳለባት እስከ ዛሬ አታውቅም።

አብነት ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቻቸው ግን ይህን አልሰሙም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ፣ ሽማግሌ ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዞ የት እንደሚሄድ ሲጠይቋት "ሕግ እየተማረ ነው" ብላ ነገረቻቸው። ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ የኒውተን ሕግ ነበር። ወሬው ፍርድ ቤቱ ድረስ ተዳረሰና ባለጉዳዩ በዛላቸው፤ ሕግ የተማረ ራፖር ጸሐፊ ሌላ አልነበረም።

መጀመሪያ የተያያዝነው በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። የአንደኛው ዓመት የመጀመሪያ ሙከራ ፔንዱለም ነው። ከግድግዳው ሚስማር ላይ የብረት ኳስ በክር ይንጠለጠላል፤ የክሩ ርዝመት በእንጨት ማስመሪያ ይለካል፤ ኳሱ ሃያ ጊዜ እስኪመላለስ በሰዓት ይያዝና፣ ከርዝመቱና ከጊዜው የምድር ስበት መጠን ይሰላል። ሙከራው እንዳለቀ "እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ላብ ሪፖርት አምጡ" አልኩ። ሰውየው በሃያ ስምንት ዓመት ሪፖርት የሚል ቃል ሰምተው አያውቁ ይሆን፣ ወይስ ጆሯቸው የለመደውን መርጦ ሰማ፣ ብቻ ራፖር አምጡ ያልኩ መሰላቸው። አመጡ። በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ።

"ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል፣ ልደታ። አመልካች፦ ዓባይነህ ገብረየሱስ። ተጠሪ፦ በክር የተንጠለጠለ የብረት ኳስ፤ አድራሻ አራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። ጉዳዩ፦ የምድር ስበት መጠን ተጣርቶ እንዲወሰንልኝ ስለመጠየቅ። ተጠሪ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አመልካች በጣቱ ወደ ጎን ስቦ በለቀቀው ጊዜ፣ በቦታው ረግቶ መቀመጥ ሲገባው፣ ሃያ ጊዜ ሲመላለስ በሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ሰከንድ የተያዘ ሲሆን፣ የክሩም ርዝመት አንድ ሜትር መሆኑ ተረጋግጧል። ከዚህም የተገኘው ስሌት 10.2 ስለሆነ፣ ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብቴ ተጠብቆ ተገቢው ውሳኔ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ። ከላይ የተገለጸው ሁሉ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።"

ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሚደቅሳ ሳይቀሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስቀን ስንጨርስ ዜሮ ሰጠኋቸው። ዜሮው ለአጻጻፉ አልነበረም፤ አጻጻፉማ ከማንኛችንም ይሻላል። ዜሮው ለ10.2 ነበር። መመሪያው ላይ የተጻፈው መልስ 9.81 ነው።

አራቱ መምህራን በትክክል 9.81 አመጡ። ማምጣት አያቅትም፤ ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የዱሮ ተማሪዎችን ሪፖርት ጠርዞ ይሸጣል። አንደኛው እንዲያውም ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀውን ልጅ ስም ሳያጠፋ ነው ያስረከበኝ። ስሙን በእርሳስ ሰርዤ የእሱን ጻፍኩለትና ከአሥር አሥር ሰጠሁት፤ መልሱ ልክ ነዋ።

ጋሽ ዓባይነህ ዜሯቸውን ሲያዩ አልተቆጡም። ወረቀቱን አጠፉና "ይግባኝ የሚባልበት አለ፣ መምህር?" አሉኝ። እኔን በግማሽ ዕድሜያቸው መምህር፣ እርስዎ ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን ጋሼ፣ እርስዎ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ስንከባበር ለሚያየን የዲፕሎማት ስብሰባ ነበር የምንመስለው።

"ይግባኝ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ? 9.81 ብለው እንደገና ይጻፉትና ይለፉ።"

"10.2 እኮ ነው የወጣኝ።"

"ይገባኛል። ግን 9.81 ነው።"

"ታዲያ ምን ለካን?"

መምህር ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ሰዓቴን አየሁ።

ይግባኛቸውን በጽሑፍ አስገቡ። ዶክተር ሚደቅሳ ይግባኙን ተቀብለው "በኮሚቴ ይታያል" አሉ። ከዚያ የሆነውን ጋሽ ዓባይነህ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ተቀጠረ። ኮሚቴው አልተሟላም ተብሎ ለመጋቢት ተቀጠረ፣ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ለሰኔ ተቀጠረ፣ ሰነዱ ዋናው ግቢ ሄዷል ተብሎ ለሌላ ዓመት ተቀጠረ። በዚህ መሃል ሰውየው ካልኩለሱን አለፉ፣ ኤሌክትሪክና ማግኔቱን አለፉ፣ እኔ ራሴ ደብተሬን ሳልከፍት የማላስታውሰውን ኳንተም በጥሩ ውጤት አለፉ። ካርዳቸው ላይ ግን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ "ያልተሟላ" የምትል አንዲት መስመር ተጣብቃ ቀረች። እሷ ካልጠፋች ዲግሪ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እሳቸው ከኳሱ ጋር ይቀራሉ። ክር ቀየሩ። ኳሱን በሌላ ኳስ ቀየሩ። ሰዓቱን በሌላ ሰዓት አመሳከሩ። መስኮት ዘጉ፣ በር ዘጉ፣ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይዘው ቆጠሩ። ሁልጊዜ 10.2 ነው። የጠረጠሩት ነገር ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ራሳቸውን መጠርጠር ጀመሩ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ አረፍ ባሉበት ጠየቅኳቸው። "እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ከዓለም ትምህርት ሁሉ ለምን ፊዚክስ?"

"አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ መጣች። ባሏ ያደረሰባትን ነገረችኝ፣ እያለቀስኩ ጻፍኩላት። በሳምንቱ አንድ ሰው መጣ፤ ሚስቱ ያደረሰችበትን ነገረኝ፣ እየተናደድኩ ጻፍኩለት። ግማሽ ካደረስኩ በኋላ ነው ባልየው መሆኑ የገባኝ።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ጨረስኩለት። ሁለቱም ጥሩ ራፖር ነበሩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱንም አነበብኳቸው፤ ሁለቱንም አመንኳቸው። ደነገጥኩ፣ መምህር። ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ጎኑ ብቻ ያለው ነገር አይቼ አላውቅም። ሳልሞት ተከራካሪ የሌለው ነገር በእጄ ልያዝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ያኔ ልቤ ተነካ። ቢሆንም ዜሮውን አላነሳሁትም።

አምስተኛው ዓመት ላይ፣ ለምረቃ ሁለት ወር ሲቀር፣ ነገሩ ተገለጠ። ጋሽ ዓባይነህ አብነት ሰፈር ወዳለው አናጢ ወደ ሺፋ የጠረጴዛቸውን እግር ሊያሠሩ ሄደው፣ እሱ በብረት ሜትሩ እንጨት ሲለካ ቆመው ያዩታል። ሺፋ እያንዳንዱን እንጨት ከመቁረጡ በፊት የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይነካል። "ለምንድን ነው?" ቢሉት፣ "ጫፉ ከጎደለ ሌላው ቁጥር ምን ይሠራል? የሰው በር አጥሮ የሚቀረው በዚህ ነው" አላቸው። ጋሽ ዓባይነህ የጠረጴዛውን እግር ረሱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሺፋን ከነሜትሩ አራት ፎቅ አስወጥተው አመጡት።

የኛ ማስመሪያ ከዋናው ግቢ አርጅቶ የመጣ ነው። ትንንሾቹ ቁጥሮች በእጅ ብዛት ጠፍተው መጀመሪያ የሚነበበው ሃያ ነው። ሺፋ ብረት ሜትሩን ዘርግቶ አጠገቡ አጋደመው። የኛው ሃያ ከእሱ አሥራ ስድስት ጎን ተኛ። የኛው መቶ ከዘጠና ስድስቱ ጎን። ማስመሪያው ድሮ ጫፉ ተሰብሮ፣ አንድ ጥንቁቅ ሰው አራት ሳንቲሜትሩን በመጋዝ ቆርጦ፣ አለስልሶ መልሶታል። ሺፋ የተቆረጠውን ጫፍ አሸተተና "ሥራው ጥሩ ነው፣ ባለሙያ ነው የቆረጠው" ብሎ አደነቀ።

ጋሽ ዓባይነህ ክርም፣ ኳስም፣ ሰዓትም፣ ራሳቸውንም ጠርጥረው ማስመሪያውን ግን አልጠረጠሩትም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ሲውሉ ዳኛውን መጠርጠር አልለመዱማ።

እንደገና ለካን። ክሩን በሺፋ ሜትር እሳቸው ለኩት፣ ኳሱን ለቀቁት፣ ሰዓቱን እኔ በስልኬ ያዝኩ። ሃምሳ ጊዜ ተመላለሰ። አስልተው ሲጨርሱ 9.78 ወጣ። ሁለተኛም 9.78። መጽሐፍ ከፈቱ፤ ስበት በየቦታው አንድ እንዳልሆነ፣ ከፍ ባለና ወደ ምድር ወገብ በቀረበ አገር እንደሚቀንስ የተጻፈበትን ገጽ አሳዩኝ። ለአዲስ አበባ የሚስማማው እሳቸው ያገኙት ነበር። መመሪያው ላይ ያለው 9.81 ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

"አየህ ሺፋ" አሉ፣ "9.81 ልደታ ላይ የግዛት ሥልጣን የለውም።" ሺፋ ምንም ባይገባውም ተቃቀፉ። እኔንም አቀፉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፊዚክስ ከተመደብኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ወሬው ደርሷቸው፣ ዶክተር ሚደቅሳ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ሰጡኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። በዚያ ወር የጥራት መርማሪዎች ከውጭ እንደሚመጡ አስታወሱኝ። የማስመሪያው ነገር መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ በዚያ ማስመሪያ ለክተው 9.81 አገኘን ያሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዎች ምን ይባላሉ? የፈረሙላቸውስ? "አንተም በሱ ነው የለካኸው፣ አይደል?" አሉኝ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን አንድ ወረቀት በጣታቸው ቀና አደረጉ። የቋሚነት ቅጥሬ ደብዳቤ ነበር። ስለሱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አዎ፣ ተማሪ እያለሁ በዚያ ማስመሪያ ነው የለካሁት፤ ማለቴ ልለካበት ነበር የተሰጠኝ። ሪፖርቴን ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው የገዛሁት።

ኮሚቴው ሰኔ 14 ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም አባላት ተሟልተው። ጋሽ ዓባይነህ ሱፍ ለብሰው፣ ማስረጃቸውን በገጽ ቁጥር አዘጋጅተው ቀረቡ። ሺፋ የባለሙያ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

"ዲግሪ አለህ?" የኮሚቴው አባላት ሲሉት "የለኝም፣ ግን በር እሠራለሁ" አለ። ምስክርነቱ አልተመዘገበም። ጋሽ ዓባይነህ ማስመሪያው ይምጣልኝ ሲሉ "ለጥገና ወጥቷል" ተባለ።

ከዚያ ኮሚቴው እንዲታረቁ ጠየቃቸው። ይህን እንዲህ ስጽፈው ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አልነበረም። ዶክተር ሚደቅሳ ድምጻቸውን አለስልሰው፣ "ጋሽ ዓባይነህ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ለአምስት ዓመት ልፋት በአንዲት ቁጥር ምን ያጣላናል? 9.81 ብለው ይፈርሙ፣ እኛ ያልተሟላውን እንሰርዛለን፣ በሐምሌ ይመረቃሉ። ልዩነቱ እኮ ሦስት መቶኛ ነው" አሏቸው።

"በመሬት ጉዳይ ስታረቅ ኖሬያለሁ፤ በስበት ግን አልታረቅም" አሉ ጋሽ ዓባይነህ። "የመምህር ቃለሕይወት ምስክርነት ይሰማልኝ።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ዶክተር ሚደቅሳ ጥያቄውን ከወረቀት አነበቡት፤ "አመልካች ዳግመኛ ለካሁ ባሉበት ቀን በቦታው ነበሩ? 9.78 መውጣቱን አይተዋል?"

ጋሽ ዓባይነህ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ኳሱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ሲያቅፉኝ ኮታቸው የሻይ ሽታ እንደነበረው ሁሉ ትዝ ይለኛል።

"አላስታውስም" አልኩ።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም። ትንሽ ቆየ፣ የምቀጥል መስሏቸው። ከዚያ ገባቸው። ስንቱን ምስክር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው "አመሰግናለሁ፣ መምህር" አሉኝ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ኮሚቴው ከዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ በጽሑፍ የተረጋገጠ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ውጤቱ ባለበት ይጽና ብሎ ተነሳ።

ሐምሌ ላይ የተመራቂዎች ዝርዝር ተለጠፈ። አራት ስም። ስሙን በእርሳስ ያስተካከልኩለት መምህርም አለበት። በዚያው ሳምንት የቋሚነት ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። አብነት ያለው ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ "በሥራው ያሳየው ታማኝነት ታይቶ" ይላል። ሦስተኛው ላይ ከፊቴ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን እንባ አላወቅኩም። አፍሬ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ሄድኩ። ጃንጥላቸው ሥር ነበሩ። አንዲት ሴት ጨርሳ ስትነሳ በለቀቀችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ሳቡ።

"ራፖር ላስጽፍ ነው" አልኳቸው።

"ስም?"

"ያውቁታል፣ ጋሼ።"

"ለወረቀቱ ነው።"

"ቃለሕይወት ኢፋ።"

"ተጠሪ?"

"እኔው ነኝ" አልኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"ጉዳዩን አውቀዋለሁ" አሉ። "እኔ ከጻፍኩት ያምራል። አንተ ጥፋተኛ መሆንህ ቀርቶ የሚታዘንልህ ሰው ትሆናለህ። ይሄ ሥራዬ ነው፣ ሳላስበው ነው የማደርገው። ራስህ ጻፈው።"

በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ። ወረቀቱንና ካርቦኑን ወደኔ ገፉት፤ እሳቸው ሌላ ባለጉዳይ አስተናገዱ።

"ሁኔታዎች አስገድደውኝ" ብዬ ጀመርኩ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው በግልባጩ አነበቡት። "ማን አስገደደህ?" አሉኝ፤ ወደ ባለጉዳያቸውም ተመለሱ። ቀደድኩት። በሁለተኛው ስለ ቅጥሬ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዘጠነኛው ምርጫዬ ጻፍኩ። እሱን ራሴው ቀደድኩት። ሦስተኛው አምስት መስመር ሆነ፤ "በቦታው ነበርኩ። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማስመሪያው አራት ሳንቲሜትር ይጎድለዋል። ዓባይነህ ገብረየሱስ ያገኙት 9.78 ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰኔ 14 ኮሚቴው ፊት አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነው፤ ተማሪ እያለሁም አልለካሁም።"

የእጅ ጽሑፌ ያስጠላል፤ ዝናቡም ሁለት ቃል አጥፍቶበታል። ጋሽ ዓባይነህ ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት። አንድም ቃል አልነኩም።

"ቀን የለውም" አሉ።

ቀን ጻፍኩ።

"ፊርማም የለውም።"

የቋሚነት ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ገና ሦስት ቀኑ። እጄ ቆመ። አልቸኮሉብኝም፣ አልገፋፉኝምም። ፈረምኩ።

ጋሽ ዓባይነህ ሦስቱን ኮፒ ለያይተው አንዱን ሰጡኝ። ከዚያ ገና አራት ባለጉዳይ ቆሞ እያለ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ጠረጴዛቸውን በላስቲክ ሸፈኑ። "ዛሬ የራሴ ጉዳይ አለኝ" አሏቸው ለሰዎቹ።

በዝናቡ ተያይዘን ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድን። ሊፍቱ እንደልማዱ አይሠራም። ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ፈራህ?" አሉኝ።

"ፈርቻለሁ።"

"እኔም" አሉ፤ ወረቀቱን ኮታቸው ውስጥ እንዳይረጥብ ደረታቸው ላይ ይዘው ቀድመውኝ ወጡ።